ለእትዬ ጥሩወርቅ ያልተረጎምኩላቸው ቃል

እትዬ ጥሩወርቅ ባለፈው ሰኞ ረፋድ ላይ እዚሁ ሪያድ፣ ሆስፒታል እንደተኙ ዐረፉ። ሱወይዲ ሰፈር አብራችኋቸው ለኖራችሁ፣ ዓርብ ዓርብ ቤታቸው እየመጣችሁ ለበላችሁ ሁሉ ይህን የምጽፈው አስተርጓሚያቸው የነበርኩት ዘነበች ነኝ። ከወዲሁ ልናገር፤ ሐሳቤ አልተሰበሰበም።

እትዬ ስድስት ዓመት የአንድ ቤተ ሙከራ ጽዳት ሠራተኛ ነበሩ። አንዲት ሱዳናዊት ተመራማሪ በአጉሊ መነጽር የምታየውን ታሳያቸው ነበር። እሳቸውም ዓርብ ሽንኩርት እየከተፉ ለእኛ ያስተምሩናል። «ሕዋስ በሆዱ የያዘው ጽሑፍ አለ፤ ዲኤንኤ ይሉታል። ጨረር ሲመታው ይበጣጠሳል። ሕዋሱ መጀመሪያ ሥራ አቁሞ ሊጠግነው ይሞክራል። ካቃተው፣ ኸላስ፣ አበቃ፣ ራሱን ያፈርሳል። ጎረቤቶቹን እንዳያበላሽ ነው።» ከመካከላችን ራሔል «እትዬ ደግሞ ለማይታይ ነገር ለቅሶ ሊቀመጡ ነው» ስትላቸው አይቆጡም። «ነቀርሳ ማለት ሙት ሲባል እንቢ ያለ ሕዋስ ነው» ማለታቸውንም አስታውሳለሁ።

በ2007 ዓ.ም. ሆዳቸውን ሲያማቸው ሐኪሙ የምርመራውን ውጤት በእንግሊዝኛ የነገረው ለእኔ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ለበሽተኛ አይነገርም ብዬ፣ እንደ አገራችን ልማድ፣ «የጨጓራ ቁስለት ነው» አልኳቸው። ያኔ ለልጃቸው ሠርግ ደሴ ሊሄዱ የመውጫና መመለሻ ቪዛቸው ተመትቶ ነበር። «ሕክምናውን ጨርሰው ይሄዳሉ» አልኳቸው። ቀሩ። ሠርጉም ያለ እሳቸው ሆነ። ፀጉራቸው ሲረግፍ «ከቁስለቱ መድኃኒት ነው» እላቸዋለሁ፤ «እሺ ልጄ» ይሉኛል።

ከሦስተኛው የመድኃኒት ዙር በኋላ ሐኪሙ፣ መድኃኒቱ የዕጢውን ሕዋሳት ቢጎዳቸውም አልሞቱም አለኝ። እኔ «ቁስሉ እየደረቀ ነው» ብዬ ተረጎምኩ። እትዬ እጄን ያዙና «ይሁን ልጄ፤ እንቢ ያለን ማን ያስገድደዋል?» አሉኝ። በመንገድ ላይ ስለ ቤት ኪራይ አወራን።

እትዬ፣ ያውቁ ነበር? ካላወቁ ልጅዎን እንዳያዩ የከለከልኩዎ እኔ ነኝ። ካወቁ ለምን አልሄዱም? እኔን ላለማሳፈር ብለው ነው? የቱ እንደሚሻለኝ እንኳ አላውቅም። ልጅዎ ደውላ «እናቴ ታውቅ ነበር?» ስትለኝም አላውቅም አልኳት፤ እውነቴን ነው። ሳልነግርዎ አልሸኝዎትም። ሐኪሙ በመጀመሪያው ቀን ያለኝ ይኸው፦ ነቀርሳ ነው፤ ጊዜው አጭር ነው፤ አሁኑኑ አገራቸው ሄደው ልጃቸውን ይዩ። በሰላም ይሂዱ፣ እትዬ።