በሩን የሸጡት ሰሞን

እስራኤል አገር፣ ፔታ ቲክቫ ከተማ መሃል፣ ከገበያው ጀርባ፣ አንድ የመንግሥት ቢሮ ነበር። የየትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆነ አልናገርም፤ ስሙን ስጠራው አፌን ይመረኛል። የቤተሰብ ጉዳይ የሚታይበት ቢሮ ነው። ልጅ ያስቸገረው፣ ባሏ ጥሏት የሄደባት፣ ቤት የጠበበው ሁሉ እዚያ ይሄዳል። በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ላይ እኔ የዚያ ቢሮ ሾሜር ነበርኩ፣ ዘበኛ። የቀጠረኝ ራሱ መሥሪያ ቤቱ ነው። እንደ ጸሐፊዎቹ፣ እንደ አስተዳዳሪው ሁሉ የቤቱ ሰው ነበርኩ፤ በበዓል ስጦታ ሲሰጥ ለእኔም ይደርሰኛል።

ሥራዬ ቦርሳ ማየትና አንድ ጥያቄ መጠየቅ ነው። «ዬሽ ኔሼክ?» መሣሪያ ይዘሃል? እዚህ አገር ይህ ጥያቄ እንደ ደህና አደርክ ነው። ሰው «ኤን» ይላል፣ የለኝም ማለቱ ነው፤ ቀና ብሎም ሳያይህ ይገባል። ከኢትዮጵያ የመጡት የእኛ ሽማግሌዎች ከዕብራይስጥ ሌላው ባይገባቸው እንኳ ይቺን ጥያቄ አሳምረው ያውቋታል። መልሳቸው ግን ሌላ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ አዛውንት ደረታቸውን ነፍተው «ዬሽ!» አሉኝ። አለኝ ማለታቸው ነው! ክው አልኩ። ይቅርታ ጠይቄ ብፈትሻቸው ከአንድ ብርቱካንና ከመነጽራቸው በቀር ምንም የላቸውም። «ታዲያ ምነው አባባ?» ብላቸው ጭራሽ እኔን ተቆጡኝ። «አንተ ማን ነህና ነው በር ላይ ባዶ እጄን ነኝ ብዬ የምነግርህ?» አሉ።

እውነታቸውን ነው። ጎንደር ያደገ ሰው ይህንን ያውቃል። ለማታውቀው ጎረምሳ፣ ያውም በር ላይ ቆሞ ለሚጠይቅህ፣ «መሣሪያ የለኝም» ማለት «ና ግፈፈኝ» ማለት ነው። ደህና ሰው አይለውም፤ ቢሞትም አይለውም። ስለዚህ ጥያቄውን አዞርኩት። ከወንበሬ ብድግ እላለሁ፣ እጅ እነሣለሁ፣ «አባባ፣ መሣሪያዎን እቤት አኑረው ነው የመጡት፣ አይደል?» እላለሁ። «አዎን ልጄ፣ እቤት ነው» ይላሉ። «በሉ ይግቡ፣ ከረጢትዎን ብቻ ልይልዎት።» አለቀ። እሳቸው ተከብረው ገቡ፣ ከረጢቱም ተፈተሸ። ይህ የተለየ ጥበብ አይደለም፤ ሰው ያሳደገው ማንም ልጅ የሚያደርገው ነው።

አሁን ስለ እህቴ ልናገር፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው በእሷ ጉዳይ ነው። በመጣን በዓመቱ ፕኒሚያ ወሰዷት፣ አዳሪ ትምህርት ቤት። የጎረቤቱን ልጅ ሁሉ ወሰዱ። ለልጆቹ ይበጃል ተባለ፣ አባቴም እሺ አሉ፤ እሺ ከማለት በቀር ያኔ ምን እናውቅ ነበር? በወር አንድ ቅዳሜ ትመጣለች። በመጣች ቁጥር አማርኛዋ እያነሰ ነው የምትመጣው። እናቴ «ምን ያበሉሻል? ከስተሻል እኮ» ስትላት በዕብራይስጥ ትመልስላታለች። እናቴ ወደ እኔ ትዞራለች፣ እኔ እተረጉማለሁ። ወይ ጉድ! እናትና ልጅ በአስተርጓሚ! አባቴ ይህንን አንድ ቅዳሜ አዩ፣ ሌላም ቅዳሜ አዩ፤ ከዚያ «ልጄን ይመልሱልኝ» ብለው ተነሡ።

ጉዳያችንን የያዘችው የቢሮው ሠራተኛ ክፉ ሴት አልነበረችም። በሰፈራችን በራማት ቬርበር፣ እቤታችን አጠገብ ያለው ትምህርት ቤት ልጅቷን ሊቀበል ፈቅዷል። የቀረው የልጆቹን ጉዳይ የሚወስነው ኮሚቴ ብቻ ነው፤ እሱም የሚቀመጠው በዓመት አንዴ፣ ትምህርት ከመከፈቱ በፊት ነው። «አባትየው ራሳቸው ይምጡና ልጄን እቤቴ እፈልጋታለሁ ይበሉ። ሌላውን ለእኔ ተዉት» አለችን። እናቴ በዚያው ሳምንት መስኮቱ ሥር አልጋ ዘረጋች። እህቴም በስልክ «ሻንጣዬን አሁን ልሰር?» እያለች መድረሻ ታሳጣን ጀመር።

ይህ ሁሉ ሲሆን ነው በሩን የሸጡት። አንድ ጠዋት አስተዳዳሪው ጠራኝና ከሚመጣው ወር ጀምሮ ጥበቃው የመሥሪያ ቤቱ ሥራ እንዳልሆነ፣ ለሄቭራ፣ ለአንድ የግል ኩባንያ እንደተሰጠ ነገረኝ።

«በሩን ሸጣችሁት?» አልኩት።

ሳቀብኝ። «አንተን ምን አስጨነቀህ? ወንበሩ ያው ወንበር ነው። የሚለወጠው ሸሚዙ ብቻ ነው።»

ሸሚዙ መጣ። ደረቱ ላይ የኩባንያው ምልክት የተሰፋበት፣ ብብቴ ሥር የሚይዘኝ ሸሚዝ ነበር። ከሸሚዙ ጋር ደግሞ አለቃው መጣ፣ ወገቡ ላይ የቁልፍ መዓት ያንጠለጠለ ሰውዬ። ግድግዳ ተደግፎ ሥራዬን ያይ ጀመር። አንዲት የእኛ አገር አሮጊት ሲመጡ ተነሥቼ እጅ ነሣሁ፣ የልጆቻቸውን ደህንነት ጠየቅሁ፤ ቀጥለው የመጡትን ሽማግሌ እንደልማዴ «መሣሪያዎን እቤት አኑረው ነው?» ብዬ አስገባሁ።

«ምንድን ነው የምታወራው?» አለኝ አለቃው። ከሥሩ ጀምሬ አስረዳሁት። እጁን አወናጨፈ። «ተረት አትንገረኝ። ጥያቄው ሁለት ቃል ነው፣ በዕብራይስጥ ነው። ዬሽ ካለ መሬት ላይ ታስተኛዋለህ፣ ደወሉን ትጫናለህ። ከወንበርህም አትነሣ። በሰደር?»

«በሰደር አይደለም፣ እሺ አልልም» አልኩት። «እነዚህ ሰዎች አባቶቼ ናቸው። ተቀምጬ አልጠይቃቸውም፣ መሬት ላይም አላስተኛቸውም።»

በማግስቱ አነሡኝ። ከከተማው ሰሜን ኤም ሃሞሻቮት የሚባለው ሰፈር ገና አሸዋና ብረት ነበር፤ እዚያ የሚሠራ ፎቅ ጠብቅ ተባልኩ። ሲሚንቶ! ማንም የማይሰርቀውን ሲሚንቶ ጠብቅ ተባልኩ፣ ሰው የሚገባበትን በር ግን የሰውን ቋንቋ ለማያውቅ ሰጡት። ከመሄዴ በፊት ወደዚያች ደህና ሠራተኛ ገብቼ ለመንኳት። «የእኛ ሰዎች ዬሽ ይላሉ፣ የላቸውም ግን። ለአዲሱ ዘበኛ ንገሩት» አልኳት። አዘነች፣ እውነቴን ነው፣ ከልቧ አዘነች። «በሩ እኮ አሁን የእኛ አይደለም፤ ለዘበኛው እኔ ትእዛዝ መስጠት አልችልም» አለች። ቢሮው የእነሱ፣ ሕዝቡ የእነሱ፣ በሩ ግን የሌላ ሰው! እንዲህ ያለ ነገር የት አገር ታይቷል?

የኮሚቴው ቀን ደረሰ። ፈቃድ ብጠይቅ ከለከሉኝ። አባቴ በማለዳ ተነሥተው ሱፋቸውን ለበሱ፣ ላዩ ላይ ነጭ ጋቢያቸውን ደረቡ። እኔ ወደ ሲሚንቶዬ ልሄድ በር ላይ ቆሜ «አባባ፣ ሲጠይቁዎት እባክዎን ኤን ይበሉ» አልኳቸው።

«ጎንደር ሳለሁ ምንሽር ተሸክሜ መንደር የጠበቅሁ ሰው ነኝ» አሉ ፈገግ ብለው። «የተዋረድኩት ልጄን ስሰጥ ነው እንጂ ምንሽሬን ስሸጥ አይደለም። ግድ የለህም፣ ለልጄ ስል ኤን እላለሁ።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን የነገረችኝ የቢሮው ጽዳት ሠራተኛ ናት፣ የእኛው አገር ሴት። አባቴ በሩ ላይ ደረሱ። ቆመው ጎንበስ አሉና «ሻሎም ልጄ» አሉት። አዲሱ ዘበኛ ጎረምሳ ነው፣ ተቀምጧል። ሰላምታቸውን አልመለሰም። በጣቱ ጥቀስ አደረጋቸውና «አንተ! ና ወዲህ! ዬሽ ኔሼክ?» አላቸው። አባቴ ቀጥ አሉ። እኔ አባቴን አውቃቸዋለሁ፤ ያቺ ጣት ናት ያበላሸችው። በአክብሮት ቢጠየቁ ኖሮ ለልጃቸው ሲሉ ውርደቷን ይውጧት ነበር። ግን እንደ ውሻ በጣት ጠርቷቸው፣ ተቀምጦ! «ዬሽ!» አሉት። «ዬሽ ሊ!» አለኝ እንጂ!

በሆዳቸው አስተኛቸው። ዘበኛው ጉልበቱን ጀርባቸው ላይ አድርጎ ደወሉን ተጫነ። ጋቢያቸው ከሰው ጫማ ሥር ገባ። ጽዳት ሠራተኛዋ «ሽማግሌ ናቸው! ምንም የላቸውም!» ብላ ብትጮህ ማን ሰምቷት? ፖሊስ መጣ፣ ፈተሻቸው፣ ምንም አጣ። «መሣሪያው የት ነው?» አሏቸው። አባቴ ደግሞ አንዴ ዬሽ ብለዋል፤ ቃላቸውን አያጥፉም። «እቤት ነው» አሉ። እኔ በሩ ላይ ብኖር ኖሮ ይቺው መልስ ነበረች የምታስገባቸው!

እቤታችን ሄደው ፈተሹ። እናቴ የነገሩን መነሻ ሳታውቅ ፍራሽ ሲገለብጡ፣ መስኮቱ ሥር የዘረጋችውን አልጋ ሲያነሡ ታያለች። ያገኙት የአባቴን ከዘራ ነው። እናቴ ኩባንያው ዘንድ ደውላ «ልጄን ጥሩልኝ» ብላ ነበር፤ በሥራ ሰዓት የግል መልእክት አይተላለፍም ብለው ዘጉባት። እኔ ያን ጊዜ ቁጭ ብዬ ሲሚንቶ እያየሁ ነበር። ማምሻዬን ስገባ አባቴ ግድግዳው ጥግ ተቀምጠዋል፣ ጋቢያቸው ላይ የጫማ ዳና አለ። ሊያናግሩኝ አልፈለጉም።

ኮሚቴው አባቴ ሳይገቡ ተቀመጠ። ያቺ ሴት ተከራክራ ነበር አሉ። ሌሎቹ ግን «መሣሪያ አለኝ እያለ ልጅ ሊወስድ ለሚመጣ አባት ልጅ አንሰጥም» አሉ። እህቴ እዚያው ትቆይ ተባለ። ማን ይንገራት? አባቴ ስልኩን አልነካ አሉ፤ እኔ ነገርኳት። «ታዲያ ሻንጣዬን ልፍታው?» አለች።

በማግስቱ እሳት ለብሼ እሳት ጎርሼ ኩባንያው ቢሮ ሄድኩ። ሸሚዙን አወለቅሁና ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩለት። አለቃው ቁልፎቹን እያንሿሿ «ልጁ መመሪያውን ነው የፈጸመው። መመሪያውን የፈለገው መሥሪያ ቤቱ ነው፤ እዚያ ሂድና ጠይቅ» አለኝ። በካናቴራ ገበያውን አቋርጬ መሥሪያ ቤቱ ሄድኩ። አስተዳዳሪው ደግሞ «ያሳዝናል፣ ግን በሩ የሄቭራው ነው። እዚያ ሂድና ጠይቅ» አለኝ።

«ታዲያ አባቴን መሬት ላይ ያስተኛቸው ማን ነው? ነፋስ ነው?» ብዬ ጮህኩ።

ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አትጩህ። ሾሜሩን እጠራለሁ» አለኝ።

እኔን! በእኔ ወንበር ላይ በተቀመጠ ዘበኛ አስፈራራኝ! ያን ቀን እጄን የያዘኝ አምላክ ነው እላለሁ። ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ፍለጋ ወራት ተመላለስኩ። አንዱ ወደ ሌላው ይጠቁማል፣ ሌላው ወደ አንዱ ይመልሰኛል። ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። የሚያናድደኝ ይህ ነው፤ ጎረምሳውን ይቅር ብያለሁ፣ ያዘዙትን ነው ያደረገው። በሩን የሸጡትን ግን ይቅር አልልም። የሸጡትም ለዚሁ ነው፤ በሩ ላይ ለሚሆነው ነገር ማንም እንዳይጠየቅ።

በዓመቱ ደግሞ ኮሚቴው ጉዳያችንን አላየውም፤ ያቺ ሴት ከዚያ ቢሮ ስለሄደች የሚያቀርብልን ሰው አልነበረም። እህቴ ትምህርቷን እዚያው ፕኒሚያ ጨረሰች። እናቴ መስኮቱ ሥር ያለውን አልጋ በየሳምንቱ ታነጥፍ ነበር።

ዘጠናዎቹ ሊያልቁ ሲሉ እህቴ ወታደር ሆነች። መጀመሪያ ለዕረፍት የመጣች ቀን ረጅም ጠመንጃ ትከሻዋ ላይ አንግታ ገባች። አባቴ ጠመንጃውን ዞር ዞር ብለው አዩት። «ቀላል ነው። የእኔ ምንሽር ከዚህ ይከብድ ነበር» አሉ። በሩ ላይ ካስተኟቸው ቀን ጀምሮ የዚህን ያህል ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም ነበር።

በማግስቱ ለእናቴ ጉዳይ ያው ቢሮ መሄድ ነበረብን፤ እኔ፣ አባቴና እህቴ ሄድን። ዘበኛው ሌላ ልጅ ነው፣ ሸሚዙ ያው ሸሚዝ። እህቴን በወታደር ልብሷ ሲያያት «አህላን» ብሎ ሰላም አላትና ፈገግ አለ። ጠመንጃዋን እንዳነገተች ገባች፤ ምንም አልጠየቃትም። ከኋላዋ አባቴ ነበሩ።

«ዬሽ ኔሼክ?» አላቸው።

እኔ የድሮዋን ጥያቄዬን በአማርኛ ልላቸው አፌን ከፈትኩ። አልደረስኩም። አባቴ ሁለት እጃቸውን ከራሳቸው በላይ አንሥተው ቆመዋል። «ኤን፣ አዶኒ» አሉት፣ የለኝም ጌታዬ። «የለኝም፣ ምንም የለኝም።»

እህቴ ከውስጥ ዞራ አየች። ፊቷ ልውጥ አለ። ሮጣ መጣችና ክንዳቸውን ይዛ እጅዎን ያውርዱ ልትላቸው ፈለገች፤ አማርኛው ጠፋባት፣ በዕብራይስጥ ለመነቻቸው። አላወረዱም። ያወረዱት ዘበኛው «ያላ፣ ግባ» ካላቸው በኋላ ነው።