በሳንቃው ማዶ የተባለ እልልታ

አንዳንዱን ነገር ተሳስቼ አስታውስ ይሆናል። ዝናብ የጣለው ነቀምቴ ላይ ፖሊሶች በያዙኝ ቀን ይሁን በማግስቱ ዛሬ እርግጠኛ አይደለሁም። በልዩ ልዩ አገሮች ስለሚገኙ ሴቶች አኗኗር አስተምርና አጠና ነበር፤ በየቀበሌው እየዞርኩ እናቶችን ማነጋገሬ ያጠራጠራቸው ይመስለኛል።

የታሰርንበትን የወንዶች ክፍል ከሴቶቹ የሚለየው የተሰነጣጠቀ የሳንቃ ግድግዳ ነበር። በዚያ በኩል ባሏ ቢታጣ በእሱ ፈንታ ያመጧት አንዲት የሲሬ አራስ ከሴት ልጇ ጋር ነበረች። በወለደች በአምስተኛው ቀን፣ «ሻነን» በሚሉት፣ የጎረቤት ሴቶች ተሰብስበው ከአራሷ ጋር ገንፎ ይበላሉ። ዘመዶቿ ገንፎ ይዘው መጡ፤ ነገር ግን ሰዎቹ ከበር ተመለሱና ገንፎው ብቻ ገባ። ሻነኗ እንዲሁ ሊያልፍ መሆኑን ስታውቅ ድምፅዋን ዋጥ አድርጋ አለቀሰች።

ፖሊሱ እንደማንኛውም ምግብ በሽቦ ወግቶ ሊፈትሸው ሲል፣ ከጊዳ አያና የመጡ፣ አብረዋት የታሰሩ አንዲት ወሎዬ እናት አስቆሙት።

«ተው ልጄ፣ የአራስ ገንፎ ወንድ አይነካውም። እኔ ልቅመስልህ።»

«ሃርሜ፣ ሕግ ነው» አለ፤ በኦሮምኛ እናቴ ማለቱ ነው።

«ሕጉን ያወጣውስ ሳይወለድ ነው የመጣው?»

ከሁለቱም ክፍል ተሳቀ። ፖሊሱም ፈገግታውን ለመደበቅ አቀርቅሮ ሽቦውን ኪሱ ከተተ።

ሴቶቹ አራሷን ከበው ተቀመጡ። ወሎዬዋ እናት በእነርሱ ዘንድ ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት እልልታ እንደሚባል ነገሯት። አራሷ ቀስ ብላ መለሰች፦

«ሙሉውን ሰባት በሉላት፣ ሃርሜ። አባቷ እዚህ የለም።»

በእኛ በኩል አንድ ሽማግሌ የጉራጌ ነጋዴ ፊታችንን እንድናዞር በእጃቸው አመለከቱን። ሁላችንም ወደ ወዲያኛው ግድግዳ ዞርን። የስንት አገር የአራስ ሥርዓት በመጻሕፍት አንብቤ ነበር፤ ይህኛው አንድ ክንድ ርቀት ላይ፣ ከጀርባዬ ይፈጸም ነበር። ለማየት ጓጉቼ ነበር። አላየሁም። የገንፎው የቅቤ ሽታ ደረሰን፤ ቀጥሎ እልልታው።

ሰባት ጊዜ የሰማሁ ይመስለኝ ነበር። ግን ለዓመታት ራሴን አላመንኩም፤ ሰው የተመኘውን የሰማው አድርጎ ያስታውሳል። አምና ሲሬ ላይ የያኔዋን አራስ አገኘኋት፤ ልጇ ትምህርት ቤት ገብታለች። የራሴን ግምት ሳልነግራት እልልታው ስንት እንደነበር ጠየቅኋት።

ሰባት ነበር።