ቼሎ ጅብ የሆነበት ምሽት

ልጅ ሳለሁ ከትምህርት ቤት የምወጣው ከሁሉም ልጅ በኋላ ነበር። እናቴ ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ አንድ ስፌት ቤት ትሠራ ስለነበር፣ ሥራዋን ጨርሳ፣ የታክሲ ሰልፍ ጠብቃ ለቡ መብራት ኃይል እስክትደርስ ፀሐይ ትጠልቃለች። እንደ እኔ ወላጆቻቸው የሚያመሹባቸው አምስት ስድስት ልጆች ነበርን። ደንቡ የቢሮው ደረጃ ላይ ተቀምጠን እንድንጠብቅ ያዛል። እኛ ግን የምንጠብቀው በሩ አጠገብ ባለችው የዘበኛው ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነበር፤ ምክንያቱም ደረጃው ይበርዳል፣ ቆርቆሮ ቤቷ ውስጥ ደግሞ አባባ ቱሉ አሉ።

አባባ ቱሉ የትምህርት ቤታችን ዘበኛ ነበሩ። ግቢው ትምህርት ቤት ከመሆኑ በፊት የአባታቸው የጤፍ ማሳ እንደነበር ይነግሩናል፤ ሲነግሩን ግን ቅሬታ የለበትም፣ አቅጣጫ እንደሚጠቁም ሰው ነው። «ሦስተኛ ክፍል ያለበት ጋ አውድማው ነበር» ይላሉ፣ እኛም ሦስተኛ ክፍል በሬ የሚዞርበት ቦታ እንደነበር አምነን እንቀበላለን። ከወንዙ ማዶ በቀረቻቸው ጠባብ መሬት ላይ ጎመን ይተክሉ ነበር፤ ሁለት ላሞችም ነበሯቸው። ቀኑን እዚያ ውለው ከሰዓት በኋላ ካፖርታቸውን ደርበው በሩ ላይ ይቆማሉ።

ያኔ፣ ፀሐይ ከፉሪ ተራራ ጀርባ ስትገባ፣ ፋኖሱን ያበሩታል። አምፖል ስላልነበረ አይደለም፤ አምፖሉ የበሩ ነው ብለው ያምኑ ስለነበር ነው። እግራቸው ሥር ጠርዟ የተበላ የከሰል ምድጃ አለች፣ ፍሙ ላይ አልፎ አልፎ የባሕር ዛፍ ቅጠል ይጥሉበታል፣ ጭሱም ጉንፋን የያዘው ሰው የሚታጠነውን ይሸት ነበር፤ እስከ ዛሬ ያ ሽታ ሲመጣብኝ የሆነ ሰው ተረት የሚጀምር ይመስለኛል። ፀሐይ ሳትጠልቅ ተረት አይነገርም። ቀን ተረት የሚያወራ ሰው ከብቱ ይጠፋበታል ይሉ ነበር፤ ባለ ሁለት ላም ሰው ደግሞ በዚህ አይቀልድም።

ሌላም ደንብ ነበር። እሳቸው አንድ ነገር ተናግረው ቆም ሲሉ ከእኛ አንዱ «እሺ» ማለት አለበት። ካላልን አይቀጥሉም። ተቆጥተው አይደለም፤ የሚሰማ ሰው ከሌለ የሚናገሩበት ምክንያት ስለማይታያቸው ነው። አንድ ምሽት በሆነ ነገር አኩርፈን ሁላችንም ዝም ብንል፣ የተረቱን ጦጣ ወንዝ መሃል ድንጋይ ላይ አቁመዋት ተነሡና በሩን ፈትሸው ተመለሱ። ጦጣዋን ያሻገርናት እኛው «እሺ» ብለን ነው።

አራተኛ ክፍል ሳለሁ ሙዚቃ መጣ። ርዕሰ መምህራችን ወይዘሮ አስቴር ከአንድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ጋር ተነጋግረው፣ መምህራኑ በየዓርቡ እየመጡ ከክላሲካል ሙዚቃ ጋር ሊያስተዋውቁን ሆነ። ወይዘሮ አስቴር «አጋርነት» የሚለውን ቃል ይወዱት ነበር፤ የወደዱትን ነገር ደግሞ ሰፈሩን ሁሉ ያሳትፉበታል። መካኒሳ አቦ ያለ አናጢ መድረክ ሠራ። በአቅራቢያችን ያለ አንድ ቤተ ክርስቲያን ኪቦርዱን አዋሰ፣ ቅዳሜ ጠዋት ለመዘምራን ልምምድ እንዲመለስለት። የሰፈሩ እድር ድንኳንና አግዳሚ ወንበር ፈቀደ፤ የሚገኘው ግን ማንም ባልሞተበት ሳምንት ብቻ ነበር።

በመጀመሪያው ዓርብ አራት ሰዎች መጥተው ተቀመጡና መጫወት ጀመሩ። ከቅድመ አያቶቻችን በፊት የሞተ አንድ ፈረንጅ የጻፈው ነው ተባልን። ረጅም ነበር። ቆይቶ ከፊት የተቀመጠ አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ፣ በትሕትና፣ ዘፋኙ መቼ እንደሚመጣ ጠየቀ። ሌሎቻችንም ስንጠብቅ የነበረው እሱኑ ነበር።

ቼሎ የሚባለውን ትልቅ ባለ ክር መሣሪያ በቀስት የምትጫወተው ቲቸር ሊዲያ ነበረች፤ ከሆሳዕና የመጣች፣ ቀጭን፣ ከመሣሪያዋ የማትበልጥ ሴት። አልሳቀችም፣ አልተቆጣችምም። ቀስቷን ጉልበቷ ላይ አሳርፋ፣ ረጅም ነገር ቁጭ ብለን ሰምተን እናውቅ እንደሆነ ጠየቀችን። እጄን አወጣሁ። አባባ ቱሉን እንደምንሰማ፣ በየማታው፣ ዘበኛ ቤት ውስጥ፣ እናቶቻችን እስኪመጡ፣ አንዳንዴ በር ሲንኳኳ እንኳ ተረቱ እስኪያልቅ አስጠብቀናቸው እንደምናውቅ፣ አንድም ሳላስቀር ተናገርኩ። ጎበዝ ተማሪ ነበርኩ፤ ስጠየቅ በሙሉ ዓረፍተ ነገር እመልስ ነበር። ወይዘሮ አስቴር ከኋላ ቆመዋል። ከእሳቸው አጠገብ ደግሞ የወላጅ ኮሚቴው ሊቀ መንበር አቶ ፍቅሩ።

አቶ ፍቅሩ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ያላቸው፣ ቀጥ ያሉ ሰው ነበሩ። ዘበኛው አርጅተዋልና ደንብ ልብስ የለበሱ የኤጀንሲ ጥበቃዎች ይቀጠሩ ማለት ከጀመሩ ቆይተዋል። ማስረጃቸው እስከዚያ ቀን አንዲት ፍየል ብቻ ነበረች፤ በአንድ ምሽት በሩን አልፋ ገብታ አንደኛ ክፍሎች የዘሩትን ሰላጣ ጨርሳዋለች። ፍየሏ የገባችው ዘበኛው የት ሆነው እንደሆነ እስከዚያ ድረስ የሚያውቅ አልነበረም። እኔ ነገርኳቸው።

በሳምንቱ የደረጃው ደንብ ተመለሰ። ኮሚቴው የአባባ ቱሉን ነገር በሴሚስተሩ ማብቂያ፣ ከሙዚቃው መዝጊያ ዝግጅት በኋላ ሊወስን ቀጠሮ ያዘ። ይህን እናቴ ከሌሎች እናቶች ሰምታ ታክሲ ውስጥ ስታወራ ሰማሁ፤ አባባ ቱሉ ተጠይቀው «ልጆቹ ይበርዳቸዋል» ብቻ ነው ያሉት አለች። የተናገርኩት እኔ መሆኔን አላወቀችም። ማንም አልተቆጣኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ማታ ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ ጣሪያውን እያየሁ፣ እጄን ባላወጣው ኖሮ እያልኩ፣ ያንኑ ዓርብ መልሼ መላልሼ እኖረው ነበር።

አንድ ቀን ጨክኜ በሩ ጋ ሄድኩና ይቅርታ ጠየቅኋቸው። አባባ ቱሉ የሚጠሩኝ ኢንተላ ብለው ነው፤ በኦሮምኛ ሴት ልጅ ማለት ነው።

«ኢንተላ፣ ተጠየቅሽ፣ መለስሽ» አሉኝ። «ዋሽተሽ ቢሆን ኖሮ ይቅርታ ማለትሽ ደግ ነበር።»

ይህ ጨርሶ አላገዘኝም።

ሐሳቡን ያመጣችው ቲቸር ሊዲያ ናት። በመዝጊያው ዝግጅት አባባ ቱሉ ተረት ይንገሩ፣ እኛ አውሬዎቹን እንጫወት አለች። ውስጡ ጅብ ካለበት ልጅ ማንኛውንም ሙዚቃ ይሰማል ብላ ታምን ነበር። ወይዘሮ አስቴር አሰቡበትና ተስማሙ። አሁን ሳስበው፣ ሽማግሌውን ማጣት አይፈልጉም ነበር፤ ግን ሰው ራሱ የወሰነ እስኪመስለው መታገሥ ይችሉበት ነበር። አባባ ቱሉ ቀን አልናገርም ስላሉ ዝግጅቱ ወደ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ተዛወረ፣ ወይዘሮ አስቴርም ለሠራተኛ ወላጆች እንዲመች ነው ብለው ደብዳቤ ጻፉ።

ቲቸር ሊዲያ ልምምዱን ያደረገችው ቆርቆሮ ቤቷ ውስጥ ነው። እኛ ከደረጃው ላይ ሆነን የፋኖሱን ብርሃንና የሁለቱን ጥላ እናያለን። አባባ ቱሉ ቼሎውን መጀመሪያ ሲያዩት፣ በኋላ ራሷ እንደነገረችን፣ ላም እንደሚገዛ ሰው ዙሪያውን ዞረው፣ ጎኑን በጣታቸው መታ መታ አድርገው፣ «ሆዱ ባዶ ነው፣ ለዚህ ነው የሚጮኸው» አሉ። ጅብም የሚጮኸው ለዚያው ስለሆነ ቼሎው ጅብ ሆነ።

በዚያው ሰሞን ወይዘሮ አስቴር እኛን የክላሲካል ሙዚቃ አሰማም ያስተምሩን ነበር። አይወራም፣ አይሳልም፣ በመሃል አይጨበጨብም። ሁለት ሳምንት ሙሉ በየጠዋቱ ሰልፍ ላይ ዝም ማለት ተለማመድን። በሥነ ሥርዓት ዝም የሚል ትምህርት ቤት ሆነን ነበር፤ አቶ ፍቅሩ እንኳ አድንቀውናል። በቆርቆሮ ቤቷ ውስጥ ግን ቲቸር ሊዲያ፣ ተረት እየሰማች ያደገች ልጅ ናትና፣ አባባ ቱሉ ቆም ባሉ ቁጥር ሳታስበው «እሺ» ትል ነበር። በመዝጊያው ቀን ልጆቹ ይሉታል ብላ አሰበች። ወይዘሮ አስቴር ደግሞ ማንም ምንም አይልም ብለው አሰቡ። ሁለቱም ስለዚህ አልተነጋገሩም።

የዚያን ሳምንት ማንም አልሞተም፤ ድንኳኑ መጣ። ወላጆች ከሥራ እየወጡ ገቡ፣ እናቴም ክር እንደተለጠፈባት ደረሰች። አቶ ፍቅሩ ከፊት ተቀመጡ። አባባ ቱሉ ካፖርታቸውን እንደለበሱ መድረኩ ላይ ወጥተው ፋኖሱን እግራቸው ሥር አኖሩ፤ ከጀርባቸው አራቱ ተጫዋቾች።

«ድሮ አንዲት አህያ ሠርግ ተጠራች» አሉና ቆም አሉ።

ድንኳኑ ጸጥ አለ። ትንሽ ጠብቀው ያንኑ ደገሙት። ጸጥታው በረታ። ቫዮሊኑ አህያዋን ትንሽ አስኬዳት፣ እሳቸውም አህያዋ በድምፅዋ ስለምታፍር ጅብን ድምፅህን ለአንድ ቀን አውሰኝ እንዳለችው ተናግረው እንደገና ቆሙ። ማንም አልተነፈሰም። ወላጆች አንገታቸውን ወደፊት ሰገግ አድርገዋል፤ ዝምታው የተረቱ ክፍል መስሏቸው ነበር። ቲቸር ሊዲያ ዓይኗ ወረቀቷ ላይ ነው። አባባ ቱሉ ግን ከእኛ ላይ ዓይናቸውን አንሥተው ወደ በሩ አዩ። ያንን አተያይ አውቀዋለሁ። እጃቸው ለመነሣት የወንበሩን ጠርዝ ያዘ። አቶ ፍቅሩ ሰዓታቸውን ተመለከቱ።

ሰው ሁሉ ፊት ተረቱን ጥለው በሩን ሊፈትሹ ሲሄዱ ታየኝ፤ ከዚያ በኋላ ኮሚቴው ምን እንደሚል ለማወቅ መማር አያስፈልግም ነበር።

«እሺ» አልኩ።

ድምፄ ቀጭን ነበር፣ ድንኳኑ ግን ባዶ የሆነ ያህል ጸጥ ስላለ ሁሉም ሰማው። የወይዘሮ አስቴር ፊት ወደ እኔ ዞረ። እኔ አላየኋቸውም፤ የማየው የአባባ ቱሉን እጅ ነበር፣ ወንበሩን የያዘውን። እጁ ለቀቀ። አባባ ቱሉ ተመቻችተው ተቀመጡና ጅቡ አሰበበት አሉ። ይሄኔ አጠገቤ ያለችው ማህሌት፣ የደረጃ ጓደኛዬ፣ አብራኝ «እሺ» አለች። ቀጥሎ የዘበኛ ቤት ልጆች ሁላችን። ከዚያ ወይዘሮ አስቴር ራሳቸው፣ እንደ ታዘዘ ነገር፣ ረጋ ብለው «እሺ» አሉ፤ ርዕሰ መምህሯ ካሉ ደግሞ ተፈቅዷል ማለት ነው፣ ድንኳኑ በሙሉ መለሰ።

ቼሎው ከዚያ በኋላ የገባው ሁልጊዜ ከ«እሺ» በኋላ ነው፣ ከሆድ፣ ወፍራም፣ የተራበ። ጅቡ ድምፁን ለአህያዋ ሲሰጣት ቲቸር ሊዲያ ቀስቱን ከክሩ አንሥታ አየር ላይ ትስበው ጀመር፤ ክንዷ ይሄዳል ይመለሳል፣ ድምፅ የለም። አንድ የአንደኛ ክፍል ልጅ አለቀሰ። እኔ አቶ ፍቅሩን እያየሁ ነበር። ጅቡ ድምፅ አጥቶ፣ ተርቦ፣ ውሾች እንኳ እየሳቁበት በሚሄድበት ቦታ ላይ አባባ ቱሉ ቆም አሉ፤ አቶ ፍቅሩም እጃቸውን ደረታቸው ላይ እንዳጣመሩ፣ ግንባራቸውን ቋጥረው፣ ከልባቸው፣ «እሺ» አሉ።

ያኔ አንድ ነገር ከትከሻዬ ወረደ። አህያዋ ወደ ሠርጉ ስትሄድ አራቱም አብረው መጫወት ጀመሩ፤ ያው የመጀመሪያው ዓርብ ረጅም ሙዚቃ ነበር፣ ዘፋኙን ግን የጠየቀ የለም። ምን ያህል እንደቆየ ልነግራችሁ አልችልም። ማህሌት ትከሻ ላይ ተደግፌ አንቀላፋሁ። ክላሲካል ሙዚቃን የተዋወቅሁት እንዲህ ነው። የነቃሁት እናቴ ጀርባ ላይ ሆኜ ታክሲ ተራው ጋ ስንደርስ ነበር።

ኮሚቴው በሳምንቱ ተሰበሰበና ደረጃው ለሕፃናት ጤና ተስማሚ አለመሆኑን ወሰነ። አቶ ፍቅሩ ተረት የሚነግር ሰው በሩን እያየ መንገር አለበት ብለው ከሱቃቸው አንድ መስኮት አመጡ፣ ቆርቆሮ ቤቷ ላይ አስገጠሙት፤ ስለ ኤጀንሲ ዳግመኛ ሲያነሡ አልተሰሙም። አባባ ቱሉ ጉልበታቸው እስኪደክም እዚያው ነበሩ። ቲቸር ሊዲያም በሌሎቹ ዓመታት ስትመጣ ልጆችን አስቀድማ እንዴት እንደሚመልሱ ታስተምራቸው ነበር።

ዛሬ ኮንሰርት ቤት እሄዳለሁ፤ በዙሪያዬ ያለው ሰው በሥነ ሥርዓት ዝም ሲል፣ ተጫዋቾቹ ትንፋሽ በሚወስዱባት ቅጽበት ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል፣ እንደምንም እይዘዋለሁ። ስለዚያ ተረት መጨረሻ የሚጠይቁኝ ሰዎች አሉ። ማህሌት አህያዋ ድምፁን መለሰችለት ትላለች፤ ሌላ የዘበኛ ቤት ልጅ ደግሞ አልመለሰችም፣ ተለማመደችው እንጂ ይላል። እኔ አላውቅም። አባባ ቱሉን ለመጠየቅ ብዙ ምሽት ነበረኝ፣ በአዲሱ መስኮት አጠገብ፣ እጄን ከፍሙ ላይ ዘርግቼ፤ ግን አልጠየቅኋቸውም። ያን ማታ መጨረሻውን ለመስማት የጓጓሁለት ነገር ሌላ ነበር፤ እሱ ደግሞ አቶ ፍቅሩ «እሺ» ሲሉ፣ ከመተኛቴ በፊት፣ በደህና አልቆልኛል።