ምስሉ እምቢ ያለ ቀን

በቀደም ሊንውድ ካለው ገበያ የኮኮናት ዘይት ገዝቼ ገባሁ። ብርድ አግኝቶት እንደ ሞራ ረግቷል። ጠርሙሱን በሁለት መዳፌ መሃል ይዤ ሳሟሟው፣ ሽታው ብቅ ሲል፣ እጄ ፊት የሚፈልግ መሰለኝ። የማን ፊት እንደሆነ ልንገርሽ።

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ ነው፤ ገና አሜሪካ መምጣቴ ነበር። ማውንት ቤከር በሚባል ሰፈር፣ ዳገቱ ላይ ካለ አንድ ቤት፣ ቀን ቀን አንዲት የታመሙ ህንዳዊት እናት እጠብቅ ነበር። እማማ ነበር የምላቸው። ልጃቸው ኤቨረት ከተማ ባለው አውሮፕላን ፋብሪካ መሐንዲስ ነው፤ ሚስቱ ተለይታው ሄዳ ትንሽ ሴት ልጁን ብቻውን ያሳድጋል። ሥራ የጀመርኩ ዕለት በር ላይ አቁሞ፣ "እናቴ የቤት እመቤት ነበረች። ስለ ድሮው ካወራችሽ፣ ልጄ ፊት አይሁን" አለኝ። ነገሩ ባይገባኝም እሺ አልኩ።

የገባኝ አንድ ቀን ዕቃ ሳጥብ ነው። ደስ ይበላቸው ብዬ አዲስ አበባ ሲኒማ ቤት የለመድኩትን የህንድ ዜማ አንጎራጎርኩ። እማማ ከኋላዬ ሳቁ።

"ያ የሰሜኖቹ ቋንቋ ነው፤ እኔ አልሰማውም።"

"እርስዎ ህንድ አይደሉም እንዴ?"

"አንቺስ አፍሪካዊት አይደለሽ? እስቲ በናይጄሪያ ቋንቋ ዝፈኚልኝ።"

ከዚያ ወዲያ አወሩኝ። እንግሊዝኛችን የሁለታችንም የተሰባበረ ነበር፤ ስብርባሪው ግን ይገጥማል። በደቡብ ህንድ፣ በክፍለ ሀገራቸው ቋንቋ ብቻ የሚሠራ ፊልም ተዋናይት ነበሩ። "የእኛ ፊልም ወንዛችንን አልተሻገረም፤ ከወንዙ ወዲህ ግን እኔን የማያውቅ አልነበረም" አሉኝ። ጡት ሳያወጡ ከመንደር ወስደዋቸው፣ የአማልክት እናት አድርገው አጫወቷቸው። ሰው ሲኒማው በር ላይ ጫማውን ያወልቅ ነበር፤ መጋረጃው ፊት ኮኮናት ይሰብር፣ መብራት ያበራ ነበር።

እኔ በልቤ አማተብኩ። ሳያዩኝ አልቀሩም።

"ለእኔ መሰለሽ? ለቀለሙ ነው የሰገዱት። ማታ በኮኮናት ዘይት ስጠርገው አምላካቸው ጥጡ ላይ ትቀራለች።"

ያን ጊዜ ዐቢይ ጾም ነበር። የአማልክትን እናት የምትጫወት ሴት ቀረጻው እስኪያልቅ ሥጋ አትቀምስም፣ መሬት ላይ ነው የምትተኛው ብለው ነገሩኝ። ከዚያ በኋላ እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳልቀምስ ስቆይ፣ እሳቸውም ሳህናቸውን ገፋ አድርገው ይጠብቁኝ ጀመር። "እማማ፣ ሕመምተኛ ነዎት፣ ይብሉ እንጂ" ስላቸው፣ "ዝም በይ፣ ጾምን ያንቺ ብቻ አደረግሽው" ይሉኛል።

የኋላው ታሪካቸው ግን አያምርም። ፊታቸው ላይ የመጀመሪያው መስመር ሲታይ፣ በዕድሜ ለሚበልጧቸው ወንዶች እናት ሆነው መጫወት ጀመሩ። ቀጥሎ የሚጠራቸው ጠፋ። ባላቸውም ሄደ። የድሮ ፊልሞቻቸውን ባለቤቶቹ ለአምባር ሠሪዎች ሸጧቸው፤ የፊልሙ ላስቲክ ቀልጦ የሴቶች አምባር ሆነ። "ስንቷ ሴት እኔን ክንዷ ላይ አጥልቃ ገበያ ወጥታ ይሆን" ይሉ ነበር፣ ሳይስቁ።

ሕመማቸው ዕጢ ነበር፤ የወጣው መንጋጋቸው ውስጥ ነው። ሐኪሞቹ የግራውን መንጋጋ ቆርጠን እናወጣለን አሉ፤ ለሰኞ ተቀጠረ። እማማ እሞት ይሆን ብለው አልጠየቁም። "ፊቴስ?" ነው ያሉት።

"ልጅቱ የምታስታውሰኝ በተቆረጠው ፊት ነው" አሉኝ፣ በመስኮቱ ዝናቡን እያዩ። "አንድ ጊዜ በደህናው ትየኝ።"

አንድ ፊልም ተርፎ ነበር። ያገራቸው ቴሌቪዥን ሲያሳየው እህታቸው በቪዲዮ ቀድታ፣ በመንገደኛ እጅ ልካላቸዋለች። ልጃቸው ካሴቱን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ፤ "አይሆንም" አለ። ተማሪ ሳለ ጓደኞቹ "በአንድ ቲኬት እናትህን አየናት" እያሉ ያበሽቁት ነበር አሉ። ይሄ ከውስጡ አልወጣም።

ዓርብ ከሰዓት፣ ልጅቱ ከትምህርት ቤት ስትገባ፣ እማማ ተኩለው፣ ግንባራቸው ላይ ቀዩን ነጥብ አድርገው፣ ቀይ ሳሪያቸውን ለብሰው ጠበቋት። እንጀራዬ በሰውየው እጅ መሆኑን አውቃለሁ። ለአምላኬ ነግሬ ካሴቱን ማጫወቻው ውስጥ ከተትኩት።

ምስሉ እምቢ አለ። የተቆራረጠ መስመር፣ በረዶ የመሰለ ነጠብጣብ፣ ከላይ ወደ ታች የሚንከባለል ጥላ። አወጣሁ፣ እፍ አልኩበት፣ መልሼ ከተትኩ። ያው ነው። ያገር ቤት ካሴት አሜሪካ ማጫወቻ ላይ እንደማይሠራ ያወቅነው ኋላ ነው። ስንቱ ሐበሻ የወንድሙን ሠርግ አያለሁ ብሎ፣ እንግዳ ጠርቶ፣ መስመር ሲያይ አምሽቷል።

"ግራንድማ፣ ኢትስ ብሮክን" አለች ልጅቱ።

ድምፅ ግን መጣ። የሴት ድምፅ፣ ቀጭን፣ ጥድፍድፍ ያለ፣ የሚለምን።

"አንቺ ነሽ?" አለቻቸው በእንግሊዝኛ።

"አይደለሁም" አሉ እማማ። የእሳቸው ድምፅ ወፍራም ነው ተብሎ፣ ንግግሩንም ዘፈኑንም ከኋላ የምትሞላው ሌላ ሴት ነበረች። "ድምፁ የሷ ነው። የእኔ ያ ነበር" ብለው የሚንከባለለውን መስመር አሳዩዋት።

እኔ ላጠፋው እጄን ስዘረጋ "ተዪው" አሉኝ። ክንዴን ተደግፈው ተነሡና ቴሌቪዥኑ ፊት ቆሙ። ድምፁ ሲለምን ዓይናቸው ለመነ፤ ድምፁ ሲቆጣ ቅንድባቸው ተነሣ፤ ከንፈራቸው ከዚያች ሴት ቃል ጋር ዝንፍ ሳይል ይሄዳል። ያበጠው መንጋጋ እያመማቸው ነበር፣ ክንዴን ከጨበጡበት ጣታቸው አውቀዋለሁ። ልጅቱ አፏን ከፍታ ቀረች።

መኪና ፓርክ ሲደረግ አልሰማሁም። ዞር ስል ልጃቸው እርጥብ ካፖርቱን እንደለበሰ በር ላይ ቆሟል። አለቀልኝ አልኩ። እማማም አዩት፤ አላቆሙም።

ከዚያ ከንፈሩን አየሁት። ከካሴቱ ጋር ይንቀሳቀስ ነበር፤ አንዲት ቃል አልሳተም። ለካ ሁሉንም በቃሉ ይዞት ኖሯል። መጥቶ ልጁ አጠገብ ወለሉ ላይ ቁጭ አለና በጆሮዋ "እዚህ ጋ ነው ሰው ሁሉ የሚያለቅሰው" አላት።

ለእኔ ምንም አላለኝም፤ ያን ቀንም፣ ከዚያ በኋላም።

ሰኞ ወሰዷቸው። ቀዶ ጥገናው ተሳካ አሉን። እማማ ግን ዳግመኛ አልተናገሩም። ከአፍንጫቸው በታች በሳሪያቸው ጫፍ ሸፍነው ይቀመጡ ነበር። ልጅቱ ከትምህርት ቤት ስትገባ "ግራንድማ፣ ዓይኑን አድርጊልኝ" ትላለች፤ በዓይናቸው ብቻ ያደርጉላታል። ከትንሣኤ በኋላ ብዙም አልቆዩም። ነፍሳቸውን በጸሎቴ አነሣለሁ፤ ይገባል አይገባም ብዬ ካህን ጠይቄ አላውቅም።

ይሄ ዘይት ግን አብሬያቸው ያመሸሁበትን ያን ዓርብ ነው የሚመልስልኝ። አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ዘይቱን በመዳፌ አሟሙቄ፣ በጥጥ ከግንባራቸው ጀመርኩ። ቀዩ ነጥብ ለቀቀ፤ ኩሉ ለቀቀ። ወደ ጉንጫቸው ስወርድ እጄን ቀስ ብለው ያዙት።

"ግራውን መጨረሻ አድርጊው" አሉኝ።