ምች መርፌ አይወድም

የዚያ ዓመት አፈሳ ሲጀመር ጅዳ፣ ሩዋይስ ሰፈር ውስጥ አራት ሴቶች በአንድ ክፍል እንኖር ነበር፤ ኢቃማ የሚሉት የመኖሪያ ፈቃድ ያላት አንዲትም የለችም። ታላቃችንን እትዬ እንላቸዋለን። ስድሳ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው፣ የወተት ጥርሷ ሳይነቀል ጥለዋት የመጡትን ልጃቸውን መልሰው ለማየት ብቻ የሚኖሩ ሴት ናቸው።

ራስ ምታቱ ሲጀምራቸው ግራ ጆሮ ግንዳቸው ላይ ያለው ደም ስር እንደ ገመድ ተገተረ። ፀጉራቸውን ማበጠሪያ አላስነካ አሉ። ሲያኝኩ መንጋጋቸው እየዛለ ጉርሻውን ይተፉታል። እሳቸው ግን ምንም አልመሰላቸውም። "ከሙከይፍ ቅዝቃዜ ወጥቼ ጣሪያ ላይ ልብስ ሳሰጣ ፀሐይ አግኝቶኝ ነው፤ ምች ነው" አሉ። የምች መድኃኒት ደግሞ ማንም አይጠፋውም። ከአገር የመጣ ደረቅ ዳማከሴ አሽተን አጠጣናቸው፣ ግንባራቸውን በሻሽ ጥፍር አድርገን አሰርን፣ ብርድ ልብስ ደራርበን አላብናቸው። እውነቱን ልናገር፣ ምች መሆኑ ለሁላችንም ተስማምቶናል። ውጭ የጀዋዛት ፖሊስ ፈቃድ የሌለውን ሰው እያፈሰ ማን ሐኪም ቤት ይሄዳል?

አንድ ጠዋት ሻይ ሳቀብላቸው እጃቸው ብርጭቆውን ሳተው። "ግራ ዓይኔ ጨለመብኝ" አሉ ቀስ ብለው። ክው አልኩ።

አል-ባላድ፣ አሮጌው ከተማ በኩል፣ ኢቃማ የማይጠይቅ ሱዳናዊ ሐኪም ነበር። ግድግዳ ግድግዳውን ይዘን እንደ ምንም ደረስን። ደም ስሩን በጣቱ ዳሰሰና ፊቱ ተለወጠ። "ደም ስሩ ተቆጥቶ አብጧል፤ ወደ ዓይን የሚሄደውን ደም ዘግቶታል። የጠፋው አይመለስም። ቀኙ እንዳይከተል ዛሬውኑ መርፌ መወጋት አለባቸው" አለ።

እትዬ እጃቸውን ሰበሰቡ። "ምች መርፌ አይወድም፤ የተወጋ ይሞታል። እኔ ልጄን ሳላይ አልሞትም።"

ደሜ ፈላ። "ታዲያ እሷን ማየት የማይችሉ ሆነው ሊኖሩ ነው?" አልኳቸው። ትልቅ ሰው እንዲህ ተናግሬ አላውቅም።

እጅጌያቸውን ሰብስበው ክንዳቸውን ዘረጉ። እኔው ተከራክሬ እኔው ፈራሁ፤ መርፌው ሲገባ አሁን ሞቱ፣ አሁን ሞቱ እያልኩ ትንፋሻቸውን አዳምጣለሁ። አልሞቱም። ሐኪሙ ሲሸኘን፣ "ነገም ከነገ ወዲያም ይወጋሉ፤ ብትቀሩ ያቺም ዓይን ትጠፋለች" አለን።

በማግሥቱ እትዬ ከሁላችን ቀድመው ዓባያቸውን ለብሰው በሩ አጠገብ ተቀመጡ። እኔ በመስኮት ቁልቁል ሳይ የጀዋዛት መኪኖች የሕንፃችንን መግቢያ ዘግተው ቆመዋል። ከታችኛው ፎቅ በር ሲደበደብ ይሰማል።

"እንሂድ እንጂ ልጄ" አሉኝ፤ "እንዳይረፍድብን።"