የአባቴ ዓይን ውስጥ የታየው ድጓ

ዛሬ የአባቴን ዓይን ከውስጥ አየሁት። የማታ ጀምበር የመሰለ ሰማይ ላይ ቀያይ ሐረጎች ተዘርግተውበታል።

አባቴ ቤተ ልሔም ገዳም ድጓ ያስተምራሉ፤ ዜማውን በቃላቸው ነው የሚያውቁት። ሰሞኑን ግን መሐል ላይ ቀጥ ይሉና ተማሪውን "ማነህ፣ ቀጥል" ይሉታል።

"ዓይኔ ነው" አሉኝ። (በቃል ለሚያዜም ሰው ዓይን ምን ያደርግለታል?)

ደብረ ታቦር፣ ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰድኳቸው። ሐኪሟ የዓይናቸውን ጀርባ ፎቶ አንስታ ኮምፒውተር ላይ አሳየችን።

"የዓይንና የአንጎል የደም ሥሮች ዘመዳሞች ናቸው፤ እዚህ ከጠበቡ እዚያም ጠብበው ይሆናል። አባታችን፣ ጭንቅላትዎም ይታይ" አለች።

አባቴ ወደ ስክሪኑ ተጠግተው "ይህን ምልክት ማን ጻፈው?" አሉ። ድጓ ላይ ከፊደሉ በላይ የሚጻፉት ቀጫጭን የዜማ ምልክቶች መስለዋቸው ነው።

ከዚያ ሥሮቹን በጣታቸው እየተከተሉ በለሆሳስ ያዜሙ ጀመር። ሐኪሟም ጠጋ ብላ ሰማች።

አንዱ ሥር የቀጠነበት ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። ዜማውም ቆመ። ዞር ብለው አዩኝ።

"ማነሽ፣ ቀጥይ።"

ስሜን ረስተው ይሁን ከተማሪ ቆጥረውኝ፣ አልጠየቅኳቸውም። ከግድግዳ ወዲያ ስሰማው ያደግኩትን ዜማ ቀጠልኩላቸው።

እናንተስ፣ አባታችሁ ያቆሙትን ቀጥላችሁ ታውቃላችሁ?