ባዶ የተተወው ምት

እኔ መዝፈን አልችልም፤ ስለ ዘፈን ማስረዳት ግን እወዳለሁ። ከመካነ ሰላም ደሴ በምነዳው ሚኒባስ ውስጥ አንድ የሬጌ ፍላሽ አለኝ፤ ስምንት ዘፋኞች በአንድ ምት ላይ እየተፈራረቁ የሚዘፍኑበት።

ባለፈው ጋቢና አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ሸህ አራተኛው ዘፈን ላይ ታከታቸው።

«ልጄ፣ ቴፕህ ተበላሸ መሰል፤ ያንኑ ይደጋግማል።»

«አልተበላሸም ሸህዬ። ምቱ አንድ ነው፤ ዘፋኙ ነው የሚቀያየረው። የጃማይካዎች ዘዴ ነው» ብዬ በኩራት አስረዳኋቸው።

«የጃማይካ?» ብለው ሳቁ። «እኛስ መንዙማ ስንል ድቤው አንድ፣ ሰዉ በተራ አይደል እንዴ?»

አፈርኩ። እሳቸው ግን ከዚያ ወዲያ ጉልበታቸውን መታ መታ እያደረጉ ሁሉንም አዳመጡ። መጨረሻ ላይ ዘፋኝ የሌለበት ባዶ ምት አለ። ልዘለው እጄን ስዘረጋ ያዙኝ።

«ተወው! ይችን ለእኔ ነው የተዉልኝ።»

ጉሮሯቸውን ጠርገው መንዙማቸውን ጀመሩ። ከኋላ የተሳፈሩት በሙሉ ተቀበሏቸው፤ አንድ ቄስ ሳይቀሩ አጨበጨቡ። ምቱ ሲያልቅ ሸህዬ ወደ እኔ ዞሩ።

«በል መልሰህ ክፈተው። ዘፋኙ ነው የሚቀያየረው አላልክም? ተራው ያንተ ነው።»